ዲን ቢሮ የሰው ሀብት ሥራ ጀመርኩ፤ ከየት ልጀምር?

የማራኪ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጎንደር ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፋይናንስ ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ የአንድ ኮሌጅ ዲን ቢሮ የሰው ሀብት ጉዳይ እንድይዝ ተመደብኩ። የመምህራኑም የአስተዳደር ሠራተኛውም ጉዳይ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። አንዱ የደረጃ ዕድገት ፋይል ይዞ ይመጣል፣ አንዷ የዓመት ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ሌላው ለትምህርት ሊሄድ ነውና ውል ይፈልጋል። ጽዳት ላይ የሚሠሩ አንድ እናት ደግሞ ጡረታቸው ስለቀረበ «ማህደሬን አይተሽ ንገሪኝ» ይሉኛል።

ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም። የሚከብደኝ የትኛው ጉዳይ እኛ ጋ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ወደ ላይ እንደሚሄድ መለየቱ ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ «መቼ ልምጣ?» ሲለኝ እውነተኛውን መልስ መስጠት እፈልጋለሁ። በሥራው የቆያችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ ከገቢና ወጪ መዝገቡ ጀምሪ። ማመልከቻ በእጅ ተቀብለሽ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ። ቁጥርና ቀን ይመታበትና ቁጥሩን ለባለጉዳዩ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ነገ አንቺ ባትኖሪም ሌላ ሰው ፈልጎ ያገኝለታል።

ጡረተኛዋ

ታናሽ እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ። እኔ ዲን ቢሮ በጸሐፊነት ጀምሬ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ረዘም ብልብሽ ታገሺኝ።

አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነው ያለሽ። የአስተዳደር ሠራተኛው የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። መምህሩ ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 እና ተቋሙ ራሱ ባወጣው የሴኔት ሕግ ነው። ለአንዱ የሚሠራውን ለሌላው አትጥቀሺ። አንዳንድ ቢሮ አሁንም የቀድሞውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010ን ከመሳቢያ አውጥቶ ይጠቅሳል። በ2017 አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። ነጋሪት ጋዜጣውን አትመሽ አጠገብሽ አኑሪ።

ከዚያ ደግሞ ይህን እወቂ። የዲን ቢሮ አብዛኛው ሥራ አጣርቶ ማሳለፍ እንጂ መወሰን አይደለም። የመምህር ዕድገት ከትምህርት ክፍሉ ይነሳል፣ በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይታያል፣ ከዚያ እንደ ማዕረጉ ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉ ፕሮፌሰርነት እስከ ቦርድ ይደርሳል። ዲኑ የፈረመው ሸኚ ደብዳቤ ዕድገቱ ጸደቀ ማለት አይደለም። ይህን ለመምህሩ ፊት ለፊት ንገሪው። «ዲኑ ፈርሞልኛል» ብሎ ለቤተሰቡ ካወራ በኋላ ደመወዙ እንደነበረው ሲሆንበት በጣም ያሳዝናል።

እጅሽ የሚገባውን ወረቀት ሁሉ ሁለት ነገር ጠይቂው። ማን ነው የሚወስነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው? ሰው የሚጎዳው በሁለተኛዋ ነው።

አንድ መምህር ፒኤችዲውን ጨርሶ በክረምት ተመለሰ እንበል። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ ግቢው ጭር ብሏል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነው። መምህሩ ቢሮሽ ገብቶ «ተመልሻለሁ» ይልሻል። «ኃላፊው ሲመጣ ተመለስ» ብለሽ እንዳትሸኚው። ማመልከቻውን እዚያው ይጻፍ፣ ገቢ ይሁን፣ ቀኑ ይመታበት፣ ቅጂውን ይዞ ይሂድ። ሪፖርት ያደረገበት ቀን ቀላል ነገር አይደለም። ደመወዙ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በትምህርት ውሉ የገባው የአገልግሎት ግዴታ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ተያዥ ሆኖ የፈረመለት ወንድሙ ወይም ጓደኛውም ነጻ የሚወጣው ግዴታው ሲያልቅ ነው። ኃላፊው መስከረም ላይ መጥቶ በመጣበት ቀን ከጻፈለት፣ የሁለት ሰው ክረምት ባከነ ማለት ነው። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፣ የትም ይሁን የት። ለማስተካከል የተጻጻፍነው ደብዳቤ ማህደሩን አሳበጠው።

ጊዜውንም ቀድመሽ ያዢው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአስተዳደር ሠራተኛው አፈጻጸም የሚሞላው በየስድስት ወሩ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። እኛ ከተማ ደግሞ ጥር 11 ጥምቀት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ማን ቢሮ ተቀምጦ ይፈርምልሻል? እንግዳ ይመጣል፣ ባሕረ ጥምቀቱ ይዘጋጃል፣ ሰው ልቡ ቢሮ የለም። ስለዚህ ቅጹን ከገና በፊት በትኚ፣ ከከተራ በፊት ሰብስቢ። የመምህራኑን የሎድ ቅጽ፣ ማለትም የማስተማር ጫናቸው የሚሞላበትን፣ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ አስፈርሚ። ዘግይቶ ከተፈረመ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይዘገያል፣ ጥያቄው ደግሞ ወደ አንቺ ይመጣል። የዓመት ፈቃድም እንደዚሁ ነው፤ ፕሮግራም ካላወጣሽለት ሰኔ ላይ ሁሉም በአንድ ቀን ይጠይቅሻል።

መምህር ከአዘዞ

እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ከመምህሩ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የዕድገት ፋይል ሲመጣልሽ የዘመን አቆጣጠሩን እዪልን። የቅጥር ደብዳቤያችን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጆርናሉ በፈረንጅ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የታተመ ጽሑፍ የእኛ 2013 ነው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት የታተመው ግን 2014 ነው። ብዙዎቻችን ዝም ብለን ስምንት እንቀንሳለን። አንድ ጽሑፍ የታተመው ካለፈው ዕድገት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ላይ ፋይሉ ሊመለስ ይችላል። ጽሑፉ ሲቀርብ «ዓ.ም.» ነው ወይስ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ ብትጠይቂ ውለታ ነው።

ደግሞ የጎደለ ማስረጃ ካለ በአንድ ጊዜ ንገሩን። ዛሬ የተማሪ ምዘና ውጤት፣ ነገ የማኅበረሰብ አገልግሎት ደብዳቤ እያሉ ማመላለስ ያደክማል። አንድ ቀን ባጃጅ ተሳፍሬ የምመጣው ክፍለ ጊዜዬን ትቼ ነው።

የማራኪ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጽዳቷን እናት ማህደር ከፈትኩት። የመጀመሪያው ደብዳቤ አናቱ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይላል። ቀጥሎ ጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ። እሳቸው ግን ከአንድ ግቢ ወጥተው አያውቁም። የተለያየ መሥሪያ ቤት ተብሎ ይቆጠርባቸው ይሆን?

ጡረተኛዋ

አይዞሽ፣ ያው አንድ ቤት ነው። በ1947 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነው። ለዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። ኋላ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ፣ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሰባዎቹ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ማህደሩ እንዲህ ነው። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉን አሳይተሽ የሥራ ልምድ ማጠቃለያው ላይ በቅደም ተከተል ጻፊላቸው።

ደብዳቤዎቹን ከቅጥር እስከ ዛሬ በቀን ደርድሪያቸው። መሃል ላይ ክፍተት ካየሽ አትደንግጪ፣ ፋይናንስ ስለነበርሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ፔይሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ፈልጊ። የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበት ወር ሁሉ እዚያ አለ። ዛሬ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው፤ ድሮ መጠኑ ያነሰ ነበር፣ መቆረጡ ግን ይታያል።

ዕድሜያቸው የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት ነው። መታወቂያው ላይ ሌላ ዓመተ ምሕረት ቢኖር እሱን ይዘሽ እንዳትሄጂ። የሕይወት ታሪክ ፎርማቸውን ፈልገሽ 60 የሚሞላቸውን ቀን አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቂያቸው። የጋብቻና የልጆቻቸው ማስረጃ ማህደሩ ውስጥ ከሌለም እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ አስገቢላቸው። ሰው ከሞተ በኋላ ልጆቹ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የሚንከራተቱት በዚያች ወረቀት ነው።