ጅምራቸው አምሮ በአጭር የቀሩ የክሪኬት ተጫዋቾች፦ የካምብሊን 54 አማካይ እንዴት እንየው?

ሦስተኛ_ስሊፕ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ተስፋ ተጥሎባቸው በአጭር ስለቀሩ የክሪኬት ተጫዋቾች ሲወራ የሕንዱ ቪኖድ ካምብሊ ስም ቀድሞ ይነሳል። ቁጥሩን ስመለከት ግን ግራ ይገባኛል። በ17 የቴስት ግጥሚያ (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ የአገሮች ግጥሚያ) 1,084 ራን (ነጥብ)፣ አማካዩ፣ ማለትም ራኑ በወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል፣ 54.20፤ አራት ጊዜ ከመቶ በላይ መትቷል፣ ሁለቱ ደግሞ ከ200 ያልፋሉ። አማካዩ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከሳቺን ቴንዱልካር (53.78) ይበልጣል። በ1988 እነዚህ ሁለት ልጆች ለሻራዳሽራም ትምህርት ቤት ሳይለያዩ 664 ራን ሲሰሩ ካምብሊ 349፣ ቴንዱልካር 326 ነበራቸው (ከጥምረቱ ውጭ የተመታውንም ጨምሮ)። ሆኖም ካምብሊ የመጨረሻውን ቴስት የተጫወተው በ1995 ነው፣ በ23 ዓመቱ።

ጥፋቱ የመራጮቹ ነው ወይስ አጨዋወቱ ላይ ጉድለት ነበረበት? የሕንዱን ሂርዋኒን፣ የአውስትራሊያውን ማሲንና የእንግሊዙን ግሬም ሂክንስ ከሱ ጋር መደመር ተገቢ ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማታ_ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጠቅላላ አማካዩን ተወውና ኢኒንግሱን (የመምታት ተራውን) አንድ በአንድ ደርድረው። በ1993 ቦምቤይ ላይ በእንግሊዝ 224፣ ቀጥሎ ዴልሂ ላይ በዚምባብዌ 227፣ ከዚያ ስሪላንካ ሄዶ 125 እና 120። 1,000 ራን የሞላው በ14ኛው ኢኒንግሱ ነው። ጠቅላላ የተጫወተው 21 ስለሆነ የቀረው 7 ነው፤ በሰባቱ ያገኘው 79 ራን ብቻ ነው። 54ቱ በሙሉ የቆመው በመጀመሪያው ክምር ላይ ነው።

መሐል ላይ የገባው ዌስት ኢንዲስ በ1994 ወደ ሕንድ ያደረገው ጉብኝት ነው። በሦስት ቴስት ያስመዘገበው 40፣ 0፣ 0፣ 6፣ 18፣ 0። ፈጣኖቹ ቦውለሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ኮርትኒ ዋልሽና ኬኒ ቤንጃሚን ኳሱን አሳጥረው ወደ ጎድኑና ወደ ትከሻው ላኩበት። ካምብሊ ስፒን (ዝግ ብሎ የሚዞር ኳስ) ሲመጣለት እግሩ ቀላል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሻርጃ ላይ ስፒነሩን ሼን ዋርንን በአንድ ኦቨር (ስድስት ኳስ) 22 ራን መትቶታል። ያ ወደፊት የመሄድ ልማድ ግን በፈጣን ቦውለር ፊት ዕዳ ይሆናል። በሁለቱ የክሪዝ መስመሮች (በቦውለሩና በመቺው መስመር) መካከል ያለው ርቀት 17.7 ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ይደርሳል። የፊት እግር አስቀድሞ ከተተከለ ክብደትን ወደኋላ ለመመለስ ጊዜ የለም፤ እጅ ሽቅብ ይነሳና ኳሱ ጓንቱን ወይም የባቱን እጀታ ነክቶ ለቅርብ ተከላካይ ይደርሳል።

ይህ ይታረማል። አሰልጣኙ ከ10 እስከ 12 ሜትር ቆሞ በቴኒስ ኳስ ደረት ላይ ይወረውራል፤ መቺው የኋላ እግሩን ወደ ኋላና ወደ ኦፍ ስታምፕ (ከመቺው ፊት ባለው ጎን ወዳለው የዊኬት እንጨት) ማንሳት፣ እጁን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል ማጎንበስ ይለማመዳል። ሁክ (ከፍ ብሎ የመጣን ኳስ ወደ ጎን መምታት) የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከቴኒስ ኳስ ወደ ደረቁ ኳስ የሚታለፈው እግሩ ሳይታሰብ ሲንቀሳቀስ ነው። ችግሩ የሕንድ የአገር ውስጥ ፒች (ኳሱ የሚነጥርበት የሜዳው መሐል) ያኔ ዝግተኛ ስለነበር ከቡድን የወጣ ልጅ እርማቱን የሚፈትንበት ፈጣን ቦውለር አልነበረውም። በሰኔ 1996 ደግሞ ሎርድስ ላይ ጋንጉሊ በመጀመሪያ ቴስቱ 131፣ ድራቪድ 95 አስመዘገቡና ቦታው ተያዘ። ካምብሊ በአንድ ቀን ግጥሚያ እስከ 2000 ቢቀጥልም በቴስት አልተመለሰም። መራጮቹ ቸኩለዋል ባይ ነኝ፤ ጉድለቱ ግን እውነት ነው።

አዲስ_ኳስ

ቦብ ማሲን ከካምብሊ ጋር አትደባልቀው። በ1972 ሎርድስ ላይ በመጀመሪያ ቴስቱ 137 ራን ሰጥቶ 16 ዊኬት የወሰደ (16 ጊዜ መቺ ያስወጣ) አውስትራሊያዊ ነው፤ በጠቅላላው 6 ቴስት ተጫውቶ 31 ዊኬት ይዞ ቀረ። እሱን ተቀናቃኝ መርምሮ አልጣለውም፤ የጠፋበት የራሱ መሣሪያ ነው፣ ወደ ውጭ የሚታጠፈው ኳስ።

ቀኝ እጅ መቺ ላይ ኳሱ ወደ ውጭ እንዲታጠፍ ስፌቱ ወደ መጀመሪያ ስሊፕ (ከዊኬት ጠባቂው ጎን ወደሚቆመው ተከላካይ) ያዘነብላል፣ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ሌግ (ከመቺው ጀርባ ወዳለው ጎን) ይዞራል፣ የእጅ አንጓ ከኳሱ በስተጀርባ ይቆማል፣ የፊት ትከሻ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ይቆያል። ወደ ውስጥ የሚገባውን አብዝቶ የሚለማመድ ቦውለር ደረቱ ቀድሞ ይከፈታል፣ አንጓው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከዚያ ስፌቱ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል እንጂ ኳሱ አይታጠፍም። በ1973 ወደ ዌስት ኢንዲስ ተጉዞ አንድ ቴስት እንኳ አልተሰለፈም።

ሌግ_ጉግሊ

ስፒነሩ ናሬንድራ ሂርዋኒ የማሲን ቁጥር በአንድ ራን ያሻሻለ ነው፤ በጥር 1988 ማድራስ ላይ በዌስት ኢንዲስ 16 ዊኬት በ136። 19 ዓመቱ ነበር። ግን ስኮርካርዱን ዝቅ ብለህ እይ፦ ዊኬት ጠባቂው ኪራን ሞሬ በዚያ ግጥሚያ 6 ስታምፒንግ (መቺው ከመስመሩ ሲወጣ እንጨቱን በኳስ መጣል) አድርጓል፣ አምስቱ በሁለተኛው ኢኒንግስ። መቺዎቹ በሚዞር ፒች ላይ ኳሱን ሳያነቡ እየዘለሉ ወጡለት። የመጀመሪያዎቹ 4 ቴስቶች፣ ሁሉም አገር ቤት፣ 36 ዊኬት ሰጡት፤ የቀሩት 13 ቴስቶች 30 ብቻ። በ1990 ኦቫል ላይ 59 ኦቨር በተከታታይ ወርውሯል፤ ትዕግሥትስ ነበረው፣ መቺ ቆሞ ሲጠብቀው የሚያስወጣበት ሁለተኛ ዘዴ ግን አነሰው። ሌላው የሕንድ ስፒነር አኒል ኩምብሌም በዚያው ክረምት ብቅ አለ።

ሌላው የሕንድ ስፒነር ላክሽማን ሲቫራማክሪሽናን የባሰ ያሳዝነኛል። በ17 ዓመቱ ተሰለፈ፣ በ1984/85 በእንግሊዝ ላይ 23 ዊኬት ወሰደ፤ የሕይወት ዘመኑ የቴስት ዊኬት 26 ነው! ወጣት ሌግ ስፒነር (ኳሱን በአንጓው የሚያዞር) ጉግሊ (በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ኳስ) ሲያበዛ ትከሻው ይወድቃል፣ ዋናው የሚዞረው ኳስ ኃይሉን ያጣል። ራን እንዳይሰጥ ሲባል ደግሞ ጠፍጣፋና ፈጣን መወርወር ይጀምራል፣ ያኔ ኳሱ በአየር ላይ መውረዱ ይቀራል። ጉግሊ በሁለት ኦቨር አንዴ ይበቃል።

ሦስተኛ_ስሊፕ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ የ79ኙ ነገር በፍጹም አልታየኝም ነበር። ሂክስ?

ማታ_ጠባቂ

ሂክ ላይ ሥርዓቱ ራሱ ተጠያቂ ነው። ተወላጅነቱ ዚምባብዌ ስለሆነ ለእንግሊዝ ለመጫወት ሰባት ዓመት ጠበቀ። በ1988 ታውንተን ላይ 405 ራን ሳይወጣ ሲመታ 21 ዓመቱ ነበር፤ የቴስት በር የተከፈተለት ግን በ1991 ነው፣ ያውም በዌስት ኢንዲስ ፈጣን ቦውለሮች፣ በአምብሮስ፣ በማርሻልና በዋልሽ ፊት። በዚያ ተከታታይ ያገኘው 75 ራን ነው። በካውንቲ (በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ውድድር) የለመደው መካከለኛ ፍጥነት ስለነበር ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ ጎድን ላይ የሚነሳ ኳስ ሲመጣ ማጠፊያ አጣ። የመጀመሪያ መቶውን፣ 178፣ ያገኘው ካምብሊ 224 በመታበት በዚያው የቦምቤይ ቴስት ነው። በ1995 ሲድኒ ላይ 98 ላይ ሳለ ካፒቴኑ አተርተን ኢኒንግሱን ዘጋበት። ጠቅላላው 65 ቴስት፣ አማካይ 31.32፤ በፈርስት ክላስ (ቴስትንና ካውንቲን በሚያጠቃልለው የብዙ ቀን ግጥሚያ) ግን 136 ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ መትቷል። የእንግሊዝ ቦርድ ለተጫዋቾች ማዕከላዊ ውል መስጠት የጀመረው በ2000 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ግጥሚያ ያልተሳካለት ይወጣ ነበር። ከሱ ጋር በአንድ ቀን የጀመረው ማርክ ራምፕራካሽም 52 ቴስት፣ አማካይ 27.32።

አሁን አዲስ ልጅ ሲወጣ አማካዩን ከማየትህ በፊት በየኢኒንግሱ በምን ኳስ ከመምታት እንደተሰናበተ ዝርዝሩን አንብብ። ከአምስት አራቱ በአንድ ዓይነት ኳስ ከሆነ ቀጣዩ ተቀናቃኝ ቪዲዮውን አይቶታል ማለት ነው። ከአገሩ ውጭ ያደረገውን፣ በተለይ ሁለተኛውን ተከታታይ ለይ። የወጣቶች ዋንጫ ብቻውን አይበቃም፤ ኡንሙክት ቻንድ በ2012 ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 111 ራን መትቶ አውስትራሊያን ቢያሸንፍም ለዋናው የሕንድ ቡድን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። በ2013 አይፒኤል (የሕንድ የክለቦች ሊግ) የውድድሩ የመጀመሪያ ኳስ ላይ ብሬት ሊ ስታምፑን ነቀለበት።