ፊት ላይ አልለቅ ያለ ሽፍታ፦ እሬት ወይስ ሎሚ?

ጥያቄ፦ ጉንጬ ላይ የወጣው ቀይ ሽፍታ አልለቅ ብሎኛል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። እሬት ልቀባ ወይስ ሎሚ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሎሚውን ተይው! ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። የእሬቱን ቅጠል ቆርጠሽ ቢጫው ፈሳሽ እስኪንጠፈጠፍ ዘቅዝቀሽ አቁሚው፤ ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነው። ጥርት ያለውን ዝልግልግ ብቻ ውሰጂ። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ።

መልስ፦ የላመ የአጃ ዱቄት ይሻላል እላለሁ። 2 የሾርባ ማንኪያ በለብታ ውሃ ለውሰሽ 10 ደቂቃ ፊትሽ ላይ አቆዪው፤ ስትታጠቢ አትፈትጊ። ማቅያ ክሬም ትቀቢያለሽ እንዴ? ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ካለበት ሽፍታውን ራሱ ሊያመጣው ይችላል፤ ክሬሙ ሲቆም ደግሞ ሽፍታው ለጊዜው ይብሳል።

መልስ፦ መገጣጠሚያ ካመመሽ ወይም አፍሽ ከቆሰለ እሬት መቀባቱን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሽፍታው የውስጥ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልግሻል።