«ገጹን ያጸዳ ሰው አልቀጥርም» ተባልን፤ ታዲያ የቱን እንሁን?

ጠያቂዋ፦
ትናንት ማታ የፒአር (የህዝብ ግንኙነት) ስራ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ የኦንላይን ስልጠና ላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ ብዙ አመት በኮሙኒኬሽን የሰራ ሰው ነው። ያለውን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፦ «ኦንላይን ራሳችሁን ሁኑ። የድሮ ፖስቱን ጠራርጎ ገጹን ያጸዳ ሰው አልቀጥርም፣ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው።» ኮመንት ላይ ሁሉም ልብ በልብ ሲያደርገው እኔ ውስጤ ተቃጠለ። ምክንያቱም ከሶስት ሳምንት በፊት አንድ ኤጀንሲ ለኢንተርቪው ጠርቶኝ፣ የዛሬ አራት አመት የጻፍኩትን ፖስት ፕሪንት አድርገው ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጡልኝ። ስድብ የለበትም፣ ፖለቲካ አይደለም። አንድ ድርጅት የከፈልኩበትን እቃ ሁለት ወር አዘግይቶብኝ፣ ስደውል ስልክ እየዘጋብኝ፣ ተናድጄ የጻፍኩት ነው፣ እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት። «ይሄ ድርጅት ደንበኛችን ቢሆን ኖሮስ?» ብለው ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ ከዛ በኋላ አልደወሉም። እስኪ ንገሩኝ፣ ራሴን ስሆን አይቀጥሩኝም፣ ሳጸዳው ደግሞ ደባቂ ነሽ እባላለሁ። የቱን ልሁን?

ጓዳዬ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ የማይገባኝ ይሄ «ራስ» የሚሉት ነገር ነው። ሰው ጓዳ አለው፣ አደባባይ አለው። ለእናቴ የምናገርበት አንደበት፣ ለአለቃዬ የምናገርበትና ከጓደኛዬ ጋር የምስቅበት ይለያያል፣ ሶስቱም ግን የኔ ናቸው፣ አንዱም ውሸት አይደለም። ጣጣው ሶሻል ሚዲያ ሶስቱንም ሰሚ አንድ ክፍል ውስጥ አጉሮ በይ አሁን በአንድ አፍ ተናገሪ ማለቱ ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
እኔ ቅጥር ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ለአሰልጣኙ ልከራከርለት። የጸዳ ገጽ እኔንም ያሰጋኛል። ፕሮፋይሉን ትከፍታለህ፣ ከአምስት ወር በፊት ምንም የለም። ከዛ ወዲህ ያለው ደግሞ «በዚህ ዕድል የተሰማኝን ደስታ ልገልጽ እወዳለሁ» አይነት ብቻ፣ ግማሹ በኤአይ የተጻፈ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ይሄ ሰው ምን ያስቀዋል፣ ምን ያናድደዋል፣ በራሱ እጅ አንድ አረፍተ ነገር ሲጽፍ ምን ይመስላል፣ በምን ልወቅ? የምቀጥረው እኮ ሊጽፍልኝና ከሰው ጋር ሊነጋገርልኝ ነው። በዚህ ሙያ ገጽህ ሲቪህ ነው፣ በቃ።

ጠያቂዋ፦
«ገጽህ ሲቪህ ነው» ነው ያልከው? ሲቪን እኮ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አንተ እንድታነበው ብዬ፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ መርጬ። ሲቪዬ ላይ ከማን እንደተጣላሁ አልጽፍም፣ የአባቴን ህመም አልጽፍም። ገጼ ሲቪ ከሆነ መርጬ ላስቀምጥ፣ ማጥፋትም መብቴ ነው። ሲቪ ካልሆነ ደግሞ እንደ ሲቪ አታንብበው። ሁለቱንም ይዘህ ልትሄድ አትችልም።

ገና ጀማሪ፦
ይሄን ለራሴ አስቀመጥኩት 👏

ቀጥታ፦
አታካብዱት። ሁለት ማንነት መያዝ የታማኝነት ጉድለት ነው፣ ይሄን የፌስቡኩ ዙከርበርግም ብሎታል፣ እኔም እስማማለሁ። እውነተኛ ሆነህ የግል ብራንድህን ከገነባህ የሚፈልግህ ቀጣሪ ራሱ ያገኝሃል፣ የማይፈልግህ ደሞ ይቅርብህ።

ጓዳዬ፦
ዙከርበርግ ያንን ሲል የሚያስተዳድረው ድርጅት ገቢው ከማስታወቂያ ነው፣ ሰው ሁሉንም ነገር በአንድ ስም በአንድ ቦታ ሲያፈስ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አስበው። «ይቅርብህ» የምትለው ደግሞ ደሞዝ ያለህ ሰው ስለሆንክ ነው። ስራ ፈላጊ ሰባት ወር ቤት ተቀምጦ «ይቅርብኝ» ይላል? ብራንድ የሚለውንም ተወው፣ ሰው ሳሙና አይደለም።

ቀጥታ፦
ደሞዝ እንዳለኝ በምን አወቅሽ? እኔም ስራ ፈላጊ ነኝ፣ ስምንተኛ ወር ይዣለሁ። በሁለት ፊት ኖሬ ስላየሁት ነው የምናገረው። ሰው የሚወደውን ብቻ እየጻፍኩ አንድ አመት ቆይቼ ራሴን ጠላሁት። ስለኔ ሳታውቂ አትፍረጂ።

ጓዳዬ፦
እሺ፣ እሱን አላወቅኩም፣ ይቅርታ። ስለ ዙከርበርጉ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ዘጋቢ የነበርኩ፦
እኔን የሚገርመኝ ይሄ ሙያ ስለ እውነተኛነት አመልካች ላይ ሊፈርድ መነሳቱ ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ተጓዦች በካምፕ መኪና አሜሪካን እያቋረጡ፣ ዋልማርት በሚባለው ግዙፍ የሱቅ ድርጅት መኪና ማቆሚያዎች እያደሩ፣ ያገኟቸውን ደስተኛ የዋልማርት ሰራተኞች ታሪክ ብሎግ ላይ ይጽፉ ነበር። አንባቢ የሁለት ተራ ሰዎች ማስታወሻ መስሎት አነበበው። በኋላ ሲወጣ የጉዞው ወጪ የተሸፈነው ለዋልማርት ድጋፍ እንዲያሰባስብ በተቋቋመ ቡድን ነበር፣ ከጀርባው ደግሞ የዋልማርት ፒአር ኤጀንሲ ኤደልማን አለ። ያውም ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ። እኔ ያኔ ዜና ክፍል ነበርኩ፣ እንዴት እንደተናደድን አልረሳውም። ተጓዦቹ የጻፉት ነገር ሳይሆን ማን እንደከፈላቸው አለመናገራቸው ነበር ነውሩ። ታዲያ የአንዲት ልጅ የእቃ ቅሬታ ፕሪንት ከማድረጋችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
የኤደልማን ኃላፊ ያኔውኑ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል፣ ሙያውም ተምሮበታል። ደግሞ መነሻችን ማታለል እንዳይመስልህ። ከፒአር ሙያ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው አይቪ ሊ በ1906 (እ.ኤ.አ.) መርሁን ለጋዜጦች ሲልክ ስራችን ሁሉ በግልጽ ነው የሚሰራው ብሎ ነው የጀመረው፣ በዚያው አመት ባቡር ከድልድይ ወድቆ ሰው ሲያልቅም ጋዜጠኞችን ከመከልከል ወደ ቦታው እንዲሄዱ ነው ያደረገው።

ዘጋቢ የነበርኩ፦
ያው አይቪ ሊ አይደል በ1934 (እ.ኤ.አ.)፣ በናዚ ዘመን፣ ለጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ኢ ጌ ፋርበን ስላማከረ የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የተጠየቀው? ግማሹን ብቻ አትንገረን።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
ትክክል ነህ፣ ተጠይቋል። መርሁ ግን በሰውየው አይሻርም።

ዘጋቢ የነበርኩ፦
ለአይቪ ሊ ሲሆን «በሰውየው አይሻርም»፣ ለአመልካች ሲሆን በአራት አመት ፖስት ይሻራል? ሰው ሲያጠፋ መርሁን ከሰውየው የምትለዩ ከሆነ እሷንም ከአንድ ፖስት ለዩዋት።

ጓዳዬ፦
ወገን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ተመለሱ 🙏

ከጠረጴዛው ማዶ፦
እሺ ልመለስ። ገጽ ለምን እንደምናይ ልንገራችሁ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ከለንደን ወደ ኬፕታውን ልትበር ስትል ስለ አፍሪካና ኤድስ የሚዘገንን ቀልድ ትዊተር ላይ ጻፈችና ስልኳን ዘጋች። 11 ሰዓት አየር ላይ ቆይታ ስትወርድ ዓለም ሁሉ ስሟን ያውቀዋል፣ ስራዋም ወዲያው ሄደ። ተከታዮቿ 170 ገደማ ነበሩ፣ 170 ብቻ። የሌላውን ስም ጠብቂ ተብላ የተቀጠረች ሰው ናት። ይሄን ካየሁ በኋላ ገጽ ሳላይ ሰው ልቀጥር አልችልም።

ጠያቂዋ፦
የኔን የእቃ ቅሬታ ከዛ ጋር? በበሽታና በዘር የሚቀለድ ቀልድና «ስልክ አንሱልኝ» የሚል እሮሮ አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥከው? በጣም ነው ያዘንኩት።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
አላመሳሰልኩም እህቴ፣ ለምን እንደምናይ ነው የተናገርኩት።

ጓዳዬ፦
170 ሰው ማለት እኮ ጓዳ ነው፣ ቢያንስ እሷ ጓዳ መስሏታል። ለቀልዷ ጥብቅና አልቆምም፣ አጸያፊ ነው። ግን እዩት፣ ያቺ ሴትዮ «ራስሽን ሁኚ» የሚለውን ምክር በተግባር ያዋለች ሰው ናት፣ ሳታጣራ የመጣላትን ጻፈች። ስለዚህ ምሳሌህ የሚመሰክረው ለአሰልጣኙ ሳይሆን በሱ ላይ ነው። ከመናገር በፊት መምረጥ የዚህ ሙያ ግማሹ ነው፣ የመረጠን ሰው ደባቂ የምትሉት ለምንድነው?

ከጠረጴዛው ማዶ፦
ከመናገር በፊት መምረጥና ከተናገሩ በኋላ ማጥፋት ይለያያል። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፣ ሁለተኛው ግን ታሪክን መቀየር ነው።

ቀጥታ፦
እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ።

ጠያቂዋ፦
በ19 አመቴ የጻፍኩትን በ27 አመቴ ባጠፋው ታሪክ ቀየርኩ? አደግኩ እንጂ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት እኮ ጊዜ ያለፈበት የግል መረጃ በስሜ ሲፈለግ አይምጣብኝ ብሎ ጎግልን መጠየቅ መብት ነው ብሏል። ህግ የሚያውቀውን ነገር አንተ ወንጀል አደረግከው።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
ወንጀል አላልኩም። ያላልኩትን ብለሃል አትበሉኝ።

ዘጋቢ የነበርኩ፦
«ታሪክን መቀየር» አልክ እኮ፣ ከላይ አለ። ድርጅት መግለጫውን በዝምታ ሲያጠፋ እሱ ታሪክ መቀየር ነው፣ ዘጋቢ ሳለሁ የምዋጋውም እሱን ነበር። ግለሰብ የራሱን የልጅነት ወሬ ሲያነሳ ግን እኔ ምን አገባኝ። ዋናው መለያ ሰው የሚተማመንበት ነገር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

ገና ጀማሪ፦
ከጠረጴዛው ማዶ፣ ይቅርታ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከልቤ ነው። ከሁለት አመት በፊት ድብርት ይዞኝ ህክምና ላይ እያለሁ ስለሱ ገጼ ላይ ጽፌ ነበር፣ ሳልሸፋፍን፣ እንቅልፍ ስለማጣቱ፣ ከአልጋ መነሳት ስለማቃቱ ሁሉንም። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እኔም እንዳንተ ነኝ፣ ብቻዬን መስሎኝ ነበር ብሎ ጽፎልኛል፣ እስካሁንም አልፎ አልፎ ይጽፉልኛል። አሁን ደህና ነኝ። በሚቀጥለው ወር ማመልከት ልጀምር ነው። ላጥፋው ወይስ ልተወው? እርስዎ ቢያዩት ምን ያስባሉ?

ከጠረጴዛው ማዶ፦
እንኳን ተሻለህ ወንድሜ። እውነቱን ልንገርህ። እኔ ባነበው አልጥልህም፣ እንደውም መጻፍ የሚችል ደፋር ሰው ነው እላለሁ። ግን ክፍሉ ውስጥ ሶስት ነን። አንዱ «የክራይሲስ (የቀውስ ጊዜ) ጫና ይችለዋል ወይ» ይላል፣ አፉን ከፍቶ ባይናገር እንኳን ነጥብ ሲሰጥ ያስበዋል። ስለነሱ ልተማመንልህ አልችልም። ስለዚህ ለጊዜው ለጓደኞችህ ብቻ እንዲታይ አድርገው እልሃለሁ።

ጠያቂዋ፦
«ልተማመንልህ አልችልም»! ሰማችሁ? ከላይ ጀምሮ የጸዳ ገጽ ያሰጋኛል ሲለን የነበረው ሰው የኛው ልጅ ከልቡ ሲጠይቀው የመከረው ምንድነው? ጸዳ አድርገው። ልጁ ነገ ቢደብቀው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለው የናንተው ሰው «ምን ደበቀ» ይለዋል። እውነተኛ ሁኑ ባዮቹ እናንተ፣ የእውነተኛነቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
ልጁ እንዳይጎዳ ብዬ ነው። ብዋሸው ይሻል ነበር?

ጠያቂዋ፦
አይሻልም፣ ስላልዋሸኸው አከብርሃለሁ። ግን ይሄንን እውነት ልጁ ላይ ብቻ አትጣለው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ላሉት ሁለቱም ንገራቸው። የሰው ህመም ነጥብ ውስጥ አይገባም ማለት የምትችለው አንተ ነህ፣ ልጁ እዛ ክፍል ውስጥ የለም።

ቀጥታ፦
ጀማሪ፣ እኔን ብትሰማኝ አታጥፋው። ለነዛ ሰዎች ስትል።

ጓዳዬ፦
ቀጥታ፣ እባክህ ልጁን አትገፋፋው። የዳነው ለራሱ ነው፣ ምሳሌ እንዲሆን ማንም አልቀጠረውም። ይተወውም ያንሳውም ሁለቱም ታማኝ ሰው ነው።

ቀጥታ፦
አልገፋፋሁትም፣ ሀሳቤን ነው የሰጠሁት። አንቺ ግን እኔ በተነፈስኩ ቁጥር ነው የምትነሽው።

ጓዳዬ፦
በተነፈስክ ቁጥር አይደለም፣ ሌላ ሰው የሚከፍልበትን ምክር በሰጠህ ቁጥር ነው።

ገና ጀማሪ፦
እባካችሁ በኔ የተነሳ አትጣሉ። እስካሁን እየጻፉልኝ ያሉ ሰዎች ስላሉ ለጊዜው እዛው ይቆይ ብያለሁ። ስለ ጫናው ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
መልካም ይግጠምህ። ሶስቱ ሰዎች ያልኩትን አስቤበታለሁ፣ ሐሙስ ቅጥር አለን፣ አነሳዋለሁ። እህቴ ላንቺ ግን አቋሜ ያው ነው። እኔ ብሆንም ያንን ጥያቄ እጠይቅሽ ነበር፣ ደንበኛችን ቢሆን ኖሮስ የሚለውን። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፣ አልካድኩም። ሰኞም ሌላ ቦታ ኢንተርቪው አለኝ፣ ፖስቱ እዛው ነው ያለው። አንድ መስመር ብቻ ጨምሬበታለሁ፣ እቃው በመጨረሻ እንደደረሰኝ፣ እሱም እውነት ስለሆነ። ከጠየቁኝ ያኔ የመለስኩትን ነው የምመልሰው፦ ደንበኛችን ቢሆን ኖሮ መግለጫ ከመጻፌ በፊት ስልኩን አንሱላት፣ ገንዘቧን መልሱላት ብዬ ነበር የምመክራቸው።

ከጠረጴዛው ማዶ፦
ይሄን መልሰሽላቸው ነው ያልደወሉልሽ?

ጠያቂዋ፦
አዎ።