ስኑከር ላይ ከ23 ነጥብ ማለፍ አቃተኝ፣ እንዴት ልለማመድ?

የለንደኑ ልጅ
ሰላም ጓዶች። አዲስ አበባ እያለሁ ፑል ቤት ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል፣ በሰፈር ደረጃ ጥሩ ነበርኩ። እዚህ ለንደን ስኑከር ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር 3 ሰዓት እንጫወታለን፣ ግን ትልቁ ብሬኬ፣ ማለትም ሳልስት በአንድ ተራ በተከታታይ የሰበሰብኩት ነጥብ፣ 23 ላይ ቆሟል። ቅርብ ያለችውን እከታለሁ፣ ረጅሟ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንቀጥቅጣ ትመለሳለች። ጨዋታውን በጣም ነው የወደድኩት፣ የምር ማደግ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀይና ጥቁር
አይዞህ ወንድሜ፣ ከፑል የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው። ጠረጴዛው 12 ጫማ ነው፣ የጉድጓዱ አፍ ደግሞ ክብ ስለሆነ ትንሽ ከነካችው ትወጣለች፣ ፑል ላይ ትገባ የነበረችው ኳስ እዚህ አትገባም።

ደግሞ 3 ሰዓት ተጫወትኩ ስትል ግማሹን ጓደኛህ ሲመታ ቁጭ ብለህ ነው እኮ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻህን ግባ። ሌላውን ኳስ ሁሉ አንሳና ነጯን የቡናማዋ ምልክት ላይ አድርጋት፣ በሰማያዊዋ፣ በሮዟና በጥቁሯ ምልክት ላይ አልፋ ጠርዙን መትታ በዚያው መስመር ተመልሳ የስቴካህን ጫፍ እንድትነካ ምታት። ወደ ቀኝ ከተመለሰች መሀሏን ሳይሆን ቀኟን ነው የመታኸው ማለት ነው። 20 ጊዜ ምታና ስንቷ በቀጥታ እንደተመለሰች ደብተር ላይ ጻፍ፣ ይሄን ሳታስተካክል ስለ ረጅም ኳስ ማውራት ከንቱ ነው።

ሰማያዊዋ
ትክክል ነው ግን እሱን ብቻ ካደረገ ይሰለቸዋል። ግማሹን ሰዓት መስመር ስራበት፣ ባለቀለሞቹን ቦታቸው አስቀምጥና በጥቁሯና በሮዟ መሀል 3 ቀይ፣ በሮዟና በሰማያዊዋ መሀል 3 ቀይ ደርድር፣ ቀይ ከዛ ባለቀለም እያልክ ጨርስ። 15ቱን ቀይ አሁን አትንካው። እዚህ የምትማረው መክተት አይደለም፣ ነጯ ቀጥሎ የት ትቁም የሚለውን ነው፣ ብሬክ የሚያድገው በሱ ነው።

ጋሽ ስቴካ
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የስኑከሩ ኮከብ ሮኒ ኦሱሊቫን በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሼፊልድ ላይ 147ቱን፣ ሁሉንም ኳስ በአንድ ተራ ከትቶ የሚገኘውን ትልቁን ብሬክ፣ ከ5 ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ጨርሷል፣ እሱን አይተው ቶሎ ቶሎ የሚመቱ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። የሱን እጅ እንጂ ፍጥነቱን አትይ። ከመታህ በኋላ አገጭህ ስቴካው ላይ እንዳለ ኳሷ እስክትገባ አትነሳ። ስልክህን ከኋላህ አቁመህ ቅረጽ፣ ክርንህ ወደ ጎን ሲወጣ ራስህ ታየዋለህ።

የለንደኑ ልጅ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ብቻዬን ገብቼ ሞከርኩት፣ ከ20ው 4ቷ ብቻ ናት ጫፉን የነካችው፣ ሌላዋ ሁሉ ወደ ቀኝ። ቪዲዮውን ሳየው ልክ ስመታ የእጄ አንጓ ይዞራል ጭንቅላቴም አብሮ ይነሳል፣ 8 ወር ሙሉ ጥፋቱ የጠረጴዛው እየመሰለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቦታ ይዣለሁ፣ ከወር በኋላ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።