ከመኝታ ብድግ ሲሉ ዓይን ጭልም ማለት

ጠያቂ፦
እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒንና ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ቁጭ ብላ ስትለካ 130/80 ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ብድግ ስትል ግን ዓይኗ ጭልም ይልና ግድግዳ ትይዛለች። ሕማማት ደርሷል፣ ስግደትም አለ። መድኃኒቱን ልቀንስላት ወይስ ጨው ልጨምርላት?

ፋርማሲስት፦
እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ጨው ሲተኙ ያለውን ግፊት ያሻቅበዋል፤ መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። መጀመሪያ ይለካ። ሲቆሙ ግፊት የሚወርድ ከሆነ፣ ቁጭ ተብሎ የተለካ ቁጥር ይህን ችግር ይደብቀዋል። እናትሽ 5 ደቂቃ በጀርባቸው ተኝተው ለኪ፤ ከቆሙ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚ። ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ደግፊው፤ ቁልቁል ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልልሻል። ተኝተው ከተለካው ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ ችግሩ ይኸው ነው። የሦስት ቀን ጠዋት ቁጥር ጽፈሽ ለሐኪማቸው አሳዪ። ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ውሃና ጨው በሽንት ስለሚያስወጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ተቅማጥ ካለ ደግሞ ይብሳል።

ነርስ፦
እስከዚያው አነሳሳቸው ይቀየር። ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል፤ ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ስለዚህ ገና ተኝተው ቁርጭምጭሚታቸውን 20 ጊዜ ላይና ታች ያንቀሳቅሱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ 2 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ቆመውም ወዲያው አይራመዱ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ፖፖ አልጋው ሥር ይኑር። የራስጌውን እግሮች በጡብ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይረዳል። ትራስ መደራረብ አንገት ከማጠፍ አያልፍም።

ሌላ መልስ፦
ስለ ስግደቱ፦ ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ የሚያሸና መድኃኒት ወስዶ ደጋግሞ ወድቆ መነሳት ለዚህ ችግር ከሁሉ የከፋው ነው። ለንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ። በቅዳሴ ረጅም ሰዓት ከቆሙ መቋሚያ ይደገፉ፣ እግራቸውን አጣምረው ጭናቸውን ያጥብቁ። ማታ ሲፈቱም በአንዴ ጠግበው አይነሱ፤ ከትልቅ ማዕድ በኋላ ደም ወደ አንጀት ስለሚሄድ ግፊት ይወርዳል።

ነርስ፦
ልጨምር፦ ጭልም ካላቸው እዚያው መሬት ላይም ቢሆን ይቀመጡ። ከወደቁ አስተኝታችሁ እግራቸውን ከፍ አድርጉ። ደግፎ ማቆምና ክብሪት ማሽተት የተለመደ ነው፣ ግን ያቆሙት ሰው ደሙ ወደ ጭንቅላቱ በደንብ አይደርስም። ደረት ከወጋቸው፣ ሰገራቸው ከጠቆረ ወይም ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጃቸው።