በ1834 የተጻፈ የዝንጅብል ኬክ አሰራር አልገባኝም፣ እርዱኝ

ጥያቄ (የቨርጂኒያዋ)፦ ሰላም ወገኖች። አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት በእጅ የተጻፈ የምግብ ደብተር አላቸው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ 1834 ይላል። ለልደታቸው ከሱ የዝንጅብል ኬክ ልጋግርላቸው አስቤያለሁ። ያለው ይሄ ብቻ ነው፦ 3 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ሞላሰስ (ከስኳር ሥራ የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ሽሮፕ)፣ እንቁላል የሚያህል ቅቤ፣ 2 ጂል የጎመዘዘ ወተት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ፐርላሽ፣ ዝንጅብል፣ “በፈጣን ምድጃ ይጋገር”። ጂልና ፐርላሽ ምንድን ናቸው? ርዕሱስ ለምን “ሪሲት” ይላል? ደረሰኝ ማለት አይደለም እንዴ?

ዳቦ ጋጋሪው፦ እህቴ፣ ያኔ ሪሲት የሚሉት የምግብ አሰራርን ነበር። ጂል የፓይንት ሩብ ነው፣ 118 ሚሊ ሊትር ገደማ። ስለዚህ 2 ጂል የዛሬ አንድ መለኪያ ኩባያ ይሞላል። ቅቤውን ከ55 እስከ 60 ግራም ያዢ። ኩባያው ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ያኔ ኩባያ ማለት ቤት ያለው ስኒ ነው። አፉ ድረስ ሞልቶ በቢላ የሚስተካከለውን መለኪያ ያስለመደችው ፋኒ ፋርመር ናት፣ በ1896 ቦስተን ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ። ዱቄቱን በ2 ኩባያ ተኩል ጀምሪና ሊጡን እያየሽ ጨምሪ።

ኬሚስቷ፦ ፐርላሽ ከእንጨት አመድ ይወጣል። አመዱን በውሃ ያጠልሉታል፣ ውሃው እስኪደርቅ ያፈሉታል፣ የቀረውን በኃይለኛ እሳት ያነጡታል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፓተንት (የፈጠራ መብት ማረጋገጫ) በ1790 የተሰጠው ለዚሁ ሥራ ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ፈርመውበታል። አሚሊያ ሲመንስ በ1796 ሃርትፎርድ ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍም ሊጥ ማስነሻው ፐርላሽ ነበር። ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፣ ሊጡም ኩፍ ይላል። እዚህ ሞላሰሱም ወተቱም ኮምጣጣ ናቸው። በፐርላሹ ፈንታ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሻል። በአመድ ግን እንዳትሞክሪው፣ አደገኛ ነው።

የሜሪላንዷ እናት፦ ፈጣን ምድጃ ማለት የጋለ ነው። እጃቸውን አስገብተው እየቆጠሩ ነበር የሚለኩት። ሞላሰስ ቶሎ ስለሚያር አንቺ በ350 ፋራናይት ጋግሪው፤ ከ35 ደቂቃ በኋላ በስንጥር ወግተሽ እዪው። የአሰራሩ ጽሑፍ ማጠር አያስደንግጥሽ። የጆርጅ ዋሽንግተን ባለቤት የማርታ ዋሽንግተን ትልቁ ኬክ አሰራር፣ የልጅ ልጃቸው በእጇ የገለበጠችላቸው፣ 40 እንቁላል፣ 4 ፓውንድ ቅቤ፣ 5 ፓውንድ ዱቄት ይልና በ2 ሰዓት ይበስላል ብሎ ያልፋል። ስለ ሙቀቱ አንድ ቃል የለም። የተጻፈው እናቱ ስታቦካ አጠገቧ ቆሞ ላደገ ሰው ነዋ! እናቴም የድልህ አሰራር ብትጽፍልኝ ከዚህ አይረዝምም ነበር።

የቨርጂኒያዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ እጋግረዋለሁ። ደብተሩን ኩሽና ይዤው ልግባ?

ዳቦ ጋጋሪው፦ ኧረ በጭራሽ! በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ከዚያ አንብቢ። በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ ብረት አለ፤ እርጥበት ሲነካው ወረቀቱን ይበላዋል። ፕላስቲክም አታልብሺው፣ እድፉንም አትጥረጊ። ቅቤ የነካው ገጽ ካገኘሽ ለአዛውንቷ አሳዪያቸው፤ ደጋግመው ይጋግሩት የነበረው እሱን ሳይሆን አይቀርም።