ኪሎዬ ሳይጨምር እንዴት ልጠንክር? ሚዛኑ 61.3 ይላል፣ ውድድር ደርሷል!

ቀጭኑ ከፒያሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከደሴ ነኝ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮምቦልቻ ላይ የጂሞች የብረት ማንሳት ውድድር አለ፣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የተመዘገብኩት ከ60 ኪሎ በታች ምድብ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ስመዘን 61.3! ጉልበቴ ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) 100 ላይ ተገትሯል። ምግብ ስቀንስ ብረቱ ይከብደኛል፣ ስበላ ኪሎ እጨምራለሁ። ምን ይሻለኛል? ራት ልተው? ነገ በጠዋት ጂም ገቢ ነኝ።

የጦሳ ንፋስ፦
ጦሳ ተራራን በሩጫ ውጣና ውረድ። ስትመለስ 55 ትገባለህ። ብረቱን ማን እንደሚያነሳልህ ግን እንጃ፣ ሃሃሃ።

ሆጤ ሰፈር፦
እንቁላል ብላ። በቀን አምስት። ሌላው ወሬ ነው።

አባ ብረት፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። የዛሬ ልጆች ጡንቻና ጉልበት አንድ ይመስላችኋል። እኛ ስንጀምር ጂም የሚባል ነገር የለም። የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን፣ በውሃ ቧንቧ ብረት አገናኝተን ነበር የምናነሳው። አንዱ ጣሳ ሁሌም ከሌላው ይከብዳል። ሰውየው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይነሳል፣ እኛም እናጨበጭባለን። አሁን መስታወት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ስልክ ደግፎ ቪዲዮ መቅረጽ አለ፣ ብረት የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ለማንኛውም ወደ ነገሬ ልግባ። ናኢም ሱሌይማኖግሉ የሚባል ቱርካዊ ነበር። ቁመቱ 1.50 ሜትር አይሞላም። በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሎምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከመሬት አንስቶ ከራሱ በላይ አቆመ። ከገዛ ክብደቱ ሦስት እጥፍ በላይ! ይሄ በጡንቻ ብዛት ብቻ አይመጣም። አንጎል ያለውን ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ሲለምድ ነው። የሚለምደው ደግሞ በከባድ ብረትና በጥቂት ድግግሞሽ ነው።

ቦርከና፦
አባ ብረት ልክ ናቸው። አንተ ግን ግማሹን ነገር አልነገርከንም። 100 ስትል አንዴ ብቻ የምታነሳው ነው? በቀን ስንት ዙር ትሠራለህ? የት ተመዘንክ? ቁመትህስ? የምትወስደው ነገር አለ?

ቀጭኑ ከፒያሳ፦
አዎ፣ አንዴ ብቻ። 4 ዙር፣ 12 12፣ የመጨረሻው እስኪያቅተኝ። ሁሉም እንደዛ አይደል የሚሠራው? ቁመቴ 1.74። የተመዘንኩት መንገድ ላይ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ጋ ነው፣ ከራት በኋላ። ደግሞ ጾም ላይ ነኝ፣ እንቁላሉ ይቅርብኝ። ክሬቲን የሚባል ዱቄት ጀምሬያለሁ፣ ሰው ከዱባይ ያመጣልኝ። እሱ ምን አገናኘው?

ቦርከና፦
ኧረ እሱ ነው ዋናው! ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 1 ወይም 2 ኪሎ ይጨምርበታል። ስብ አይደለም። ዱቄቱ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ጊዜው ነው ያልሆነው። ዛሬውኑ አቁመው። ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበል።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ላይ ሚዛን አትመን። ያ ልጅ ሚዛኑን ኮብልስቶን ላይ ካርቶን አንጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። አንተ ደግሞ በጫማ፣ በጃኬት፣ ራት በልተህ። በጠዋት ሽንት ቤት ገብተህ ወጥተህ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ፣ በውስጥ ልብስ፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ተመዘን። ሁሌ በዚያው ሚዛን።

ሦስተኛ፣ ያ 12 12 ጡንቻ ማሳበጫ ነው፣ ለአሁን ተወው። 100 ጣሪያህ ከሆነ 80 ኪሎ ጫንና 3 ጊዜ አንሳ። 5 ዙር። በየመሃሉ 3 ወይም 4 ደቂቃ ቁጭ በል። ሰው «ይሄ ስልክ ሊነካካ ነው የመጣው» ቢልህም ቁጭ በል። ገና አንድ ሁለት ማንሳት ስትችል አቁም። በመጨረሻው ሳምንት ዙሩን በግማሽ ቀንስ።

ሻምፒዮን ነኝ፦
ይሄ ሁሉ ወሬ ለ1 ኪሎ? እንዲያልብህ ላስቲክ ለብሰህ ሩጥ። ከዋዜማው ጀምረህ ውሃ አትጠጣ። አለቀ። ሽንት የሚያሸና ኪኒንም አለ።

ነርሷ ከሮቢት፦
ኪኒኑን እንዳትነካው ወንድሜ! ውሃውን ብቻ አይደለም፣ ፖታሲየምህንም ይዞት ይወጣል። የልብ ምት ያዛባል። ስፖርት ውስጥም የተከለከለ ነው። ላስቲኩም ይቅር። ደሴ ብርድ ነው ብለህ ትለብሰዋለህ፣ ውድድሩ ያለው ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ነው። ውሃ ሳትጠጣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደህ፣ እያቅለሸለሸህ ስኳት ልትገባ? በትልልቅ ውድድሮች እንኳ ሚዛኑ የሚጀምረው ከውድድሩ 2 ሰዓት በፊት ነው። በዚያ ጊዜ የደረቀ ሰውነት አይመለስም። ራትም አትተው። ጾም ከሆነ ከምግብህ የምትቀንሰው ዘይቱንና እንጀራውን ነው፤ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ሽሮውን አትንካ። ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነትህ ኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ካገኘህ ይበቃሃል።

ሆጤ ሰፈር፦
ጾሙ ሲፈታ ግን እንቁላል።

ብረት ወዳዷ፦
ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። 1.74 ሆነህ ለምንድነው 60 ውስጥ የምትጨናነቀው? እኔ ራሴ ቀላል ምድብ ነኝ፣ ግን አጭር ነኝ። በዚያ ምድብ የሚገጥሙህ ድንክዬዎች በአጭር እግር ቁጭ ብድግ ነው የሚሉት። አንተ ገና ወደ ታች ስትጓዝ እነሱ ጨርሰዋል። 65 ሁን፣ በደንብ ብላ፣ ከዚያ ተወዳደር። ኪሎ መጨመር ምን ኃጢአት አለው?

ቀጭኑ ከፒያሳ፦
ቀጣዩ ምድብ ከ70 በታች ነው እህቴ። እዚያ ያሉት በሬዎች ናቸው። ገንዘቡንም ከፍያለሁ።

ብረት ወዳዷ፦
እንግዲህ ለዚህኛው ይሁንልህ። የሚቀጥለውን ግን አስብበት። ሌላ ነገር፣ ጂማችሁ ትንሹ ብረት ስንት ነው?

ቀጭኑ ከፒያሳ፦
5 ኪሎ። ከ80 ቀጥሎ 90 ነው የሚሆነው።

ብረት ወዳዷ፦
እሱም ገትሮህ ይሆናል። በአንዴ 10 ኪሎ ማን ይጨምራል? ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙላ፣ ግማሽ ኪሎ ነው። በየጎኑ አንዳንድ በፕላስተር አጥብቀህ ባሩ ላይ ጠቅልል፣ እንዳይወዛወዝ። በየሳምንቱ 1 ኪሎ ጨምር። ይስቁብሃል፣ ይሳቁ። ደግሞ ያ 20 የሚል የተጻፈበትን ብረት መዝነው። የኛ ጂም አንዱ 18 ሆኖ ነው የተገኘው።

የጦሳ ንፋስ፦
እንግዲያው ተኝቼ የምገፋው የኔ 100 ኪሎ ቤንችም ሊመዘን ነው። ይሄን ውይይት ዝጉት!

አባ ብረት፦
የሃይላንዱ ነገር ጥሩ ነው። እኛም አሸዋ በካልሲ እንቋጥር ነበር። ልጄ፣ በጠዋት ተመዝነህ ንገረን።

ቦርከና፦
ተመዘንክ? ስንት አለ?

ሻምፒዮን ነኝ፦
ላስቲኩን ለብሶ እየሮጠ ይሆናል።

ነርሷ ከሮቢት፦
አንተ ሰውዬ!

ከበርበሬ ወንዝ፦
ይቅርታ ከርዕስ ወጣሁ። ቀጭኑ፣ ያ ክሬቲን ካቆምከው ትሸጠዋለህ? ኮምቦልቻ ነኝ፣ ለውድድሩ ስትመጣ ይዘህልኝ ና። እኔ መወፈር ነው የምፈልገው።